ከቦርከና ራስጌ እስከ ጨፋ፦ የአራት ቀን የውሃ ጉዞ

ለዚህ ጉዞ ያነሳሱኝ በአካል አይቻቸው የማላውቅ የጋምቢያ ሴቶች ናቸው። አንድ ማታ ደሴ መብራት ጠፍቶ ስልኬ ላይ ሳነብ አገኘኋቸው።

የጋምቢያ ወንዝ አትላንቲክ ውቅያኖስን የሚገናኝበት፣ ባንጁል ከተማ አጠገብ፣ ታንቢ የሚባል ረግረግ አለ። እዚያ የወንዙ ውሃና የባሕሩ ጨው ይደባለቃል። ማንግሮቭ የሚባሉት ዛፎች ሥራቸውን ውሃው ውስጥ ዘርግተው ይቆማሉ። ሥሩ ላይ ደግሞ ኦይስተር ይጣበቃል። ኦይስተር ሁለት ክዳን ያለው የዛጎል እንስሳ ነው፤ ሥጋው ይበላል። ለቅመው የሚሸጡት ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ትራይ የሚባል ማኅበር መሠረቱ። የዛፉን ሥር በገጀራ መቁረጥ ትተው ኦይስተሩን ብቻ ማንሳት ጀመሩ። እንዲያድግ የሚያርፍበትን ጊዜም አራዘሙለት። በ2012 ደግሞ በዚያ ረግረግ ኦይስተር የመልቀምና የማስተዳደር መብት በሕግ ተሰጣቸው።

የገረመኝ የእንስሳው ኑሮ ነው። ኦይስተር ውሃ እያጠለለ ይመገባል። የአሜሪካው ዓይነት አንዱ ብቻውን፣ ሁሉ ነገር ሲመቸው፣ በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ያጣራል። በእኛ ቢጫ ጀሪካን ዘጠኝ ተኩል ማለት ነው! ግን የሚያጠልለው ነገር ሁሉ አይለቀውም። ጀርሙም፣ ብረቱም ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ደህና ቁጥጥር ባለባቸው አገሮች ለቀማው ከመፈቀዱ በፊት ውሃው የሰገራ ባክቴሪያ እንዳለበት ይመረመራል። ከባድ ዝናብ ከጣለም ቦታው ለጊዜው ይዘጋል፤ ጎርፉ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ስለሚወርድ።

የእኛን ውሃስ እንዲህ የሚጠብቀው ማነው? እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። በደሴ የሚያልፈውን የቦርከና ወንዝ ልጅ ሆኜ ተሻግሬዋለሁ፣ በጎኑ አልፌአለሁ፣ በአፍንጫዬ ላይ መሐረብ አድርጌ ሸሽቼዋለሁ። ተከትዬው ግን አላውቅም። የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሲመጣ አራት ባዶ ሃይላንድ፣ አንድ ነጭ ሳህን፣ ረጅም ገመድና ቴርሞሜትር ያዝኩ። የአክስቴ ልጅ ባጃጁን ለጓደኛው ሰጥቶ አብሮኝ ተነሳ።

ሐሙስ፣ ደሴ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ተጉዘን፣ ከዚያ በእግር ወርደን ከቦርከና መጋቢዎች አንዷን አገኘናት። ወንዝ ለማለት ይከብዳል፤ በአንድ እርምጃ የምትሻገር ናት። ውሃዋ እጅ ያደነዝዛል፤ ቴርሞሜትሩ 11 ዲግሪ አለ።

ጎንበስ ብዬ አንድ የጡጫ ያህል ድንጋይ አነሳሁና ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ ጠፍጣፋ ትንንሽ ነፍሳት እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ይሮጣሉ። ጅራታቸው ሦስት ቀጭን ክር ነው። ወገባቸው ግራና ቀኝ የሚርገበገበው ነገር መተንፈሻቸው ነው። ሜይፍላይ ይባላሉ፤ ገና ክንፍ ያላወጡ ጫጩቶች ናቸው። ኦክስጅን ያነሰበት፣ የቆሸሸ ውሃ ውስጥ አብዛኞቹ አይኖሩም። ስለዚህ እነሱን ማየት ማለት ውሃው ራሱ «ደህና ነኝ» ሲል መስማት ነው። በዚያች ድንጋይ ላይ ብቻ አሥራ አራት ቆጠርኩ። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ቀረጻቸው። ድንጋዩን እንደነበረ መልሼ አስቀመጥኩት። መጀመሪያውን ሃይላንድ እዚያ ሞላሁ።

አንዲት እናት ጀሪካን ይዘው መጡ። ምን እንደምንሠራ ጠየቁን፤ ነገርናቸው።

«ይሄን ውሃ እንጠጣዋለን እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ እማማ። ለዚያ ነው የማየው።»

«እንግዲያ ደግ አረጋችሁ። አብሽሩ።»

ከቀትር በኋላ ከተማው ውስጥ ነበርን። ስለዚህ ክፍል ብዙ ማለት አልፈልግም፤ የደሴ ሰው ያውቀዋል። የጫት ገረባ፣ ፌስታል፣ ከየግቢው የሚወርድ የሳሙና ውሃ። ክረምት ሲገባ ማታ ማታ ሽንት ቤታቸውን ለጎርፍ የሚለቁ አሉ። ሰፈርተኛው ያውቃል፤ ማንም ማንንም አይናገርም። ከከተማው በታች ወርጄ እንደ ጠዋቱ ድንጋይ ገለበጥኩ። ግራጫ ዝልግልግ ነገር ለብሷል። ሜይፍላይ የለም። ጭቃው ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ ቀይ ትሎች ይጠማዘዛሉ። ቅላታቸው እንደ እኛ ደም ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው። ኦክስጅን የጠፋበት ቦታ የሚኖሩት ያቺኑ ትንሿን አጥብቀው ስለሚይዙ ነው። ሁለቱን ድንጋዮች የለያያቸው የግማሽ ቀን መንገድና የእኛ ከተማ ብቻ ነው። መሐል ላይ አንድ ፋብሪካ አላለፍንም።

ይህን አስምሬ መጻፍ እፈልጋለሁ። ስለ ቦርከና ሲወራ ጣታችን ቶሎ ወደ ኮምቦልቻ ይጠቁማል። ወንዙ ግን ኮምቦልቻ የሚደርሰው እኛ ካቆሸሽነው በኋላ ነው።

እናቴ ጋቢ የምታጥበው እዚሁ ወንዝ ላይ ነበር፣ በእንዶድ። እንዶድ ሲነሳ ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ለማ ትዝ ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቀንድ አውጣው የበሽታው ተሸካሚ ነው። ያ ትልቅ ግኝት የተገኘው አጣቢዎቹ ካሉበት ዝቅ ብሎ ያለውን ውሃ በማየት ነው። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ከራስህ በታች ያለውን ውሃ እይ።

አርብ፣ ሐይቅ

ዛሬ ከቦርከና ወጣ አልን። አሳ የሚያጠምዱ ሰዎችን ማግኘት ነበረብኝ፤ ለዚያ ደግሞ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሄዶ ስሙም ራሱ ሐይቅ የሆነውን ሐይቅ የመሰለ የለም። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ ከመንገዱ የበለጠ ጊዜ ወሰደ።

ሐይቅ ሲታይ ሁሌም ልቤ ይርዳል። ዙሪያው ተራራ፣ መሐሉ ሰማያዊ። በአንድ በኩል አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፉት የእስጢፋኖስ ገዳም፣ በሌላ በኩል የጁምዓ አዛን። ውሃው መግቢያ እንጂ በገጽ የሚወጣበት መውጫ የለውም። የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ከአንድ ዕድሜያቸው ከገፋ አሳ አጥማጅ ጋር ታንኳ ላይ ወጣን። ነጩን ሳህን በገመድ አስሬ ቀስ እያልኩ ለቀቅኩት። ሦስት ክንድ ሳይሞላ ከዓይኔ ጠፋ። ውሃው ከሩቅ ሰማያዊ ነው፤ ከቅርብ ግን እንደ ስስ ጎመን ውሃ አረንጓዴ ነው።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» አሉ ጋሼ። «አባቴ ከላይ ሆኖ የታችኛውን ድንጋይ አየዋለሁ ይል ነበር።»

አባታቸው አላጋነኑም። ቀደም ሲል ያጠኑት ሰዎችም የሐይቅ ውሃ እጅግ የጠራ እንደነበር መዝግበዋል። ዛሬ የምንበላው ቆሮሶ ከጥንት እዚያ የነበረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰው ነው ያስገባው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት አሳው አልጌ እየበሉ ውሃውን ያጠሩ የነበሩትን ደቃቅ እንስሳት በላቸው፤ አልጌውም የሚገታው አጣ። ከየተራራው የሚታጠበው አፈርም ጨመረበት። የጋምቢያዎቹ ኦይስተር የሚሠራውን ሥራ ሐይቅ ላይ ይሠሩ የነበሩት እነዚያ በዓይን የማይታዩት ናቸው። አሳው ደግሞ ስንት ቤተሰብ ያኖራል። ጋሼ ሦስት ልጆች ያስተማሩት በዚሁ ቆሮሶ ነው። ቆሮሶው ባይገባ ይሻል ነበር ለማለት አፌን አልሞላም።

መረቡ ሲሳብ አንዲት ደህና የምታህል ቆሮሶ ወጣች። ጋሼ ለቀም አደረጓትና አፏን በአውራ ጣታቸው ከፈት አደረጉት። «እይ እስቲ፣ መምህር።» አፏ ውስጥ ቢጫ እንቁላል ታጭቋል። እያንዳንዱ ከምስር ፍሬ ትንሽ ያነሰ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ይገባሉ። መረብ ላይ ስትወራጭ ከእንቁላሉ ግማሹ ታንኳው ወለል ላይ ተበተነ። ጋሼ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ሰብስበው ወደ ውሃው መለሱት።

«ይበቅል ይሆን?» አልኳቸው።

«አይበቅልም። እጄ ግን እምቢ ይለኛል።» እናቲቱንም ለቀቋት።

ዓቢይ ጾም ሊገባ ነው። በጾም አሳ የሚበላ ብዙ ስለሆነ ያኔ ዋጋው ይወጣል። ያኔ ቀዳዳው የጠበበ መረብ ይዞ የሚመጣውም ይበዛል። ጠባብ መረብ ገና ያልወለደችውንም ያወጣል። «እኔ ብተዋት ጎረቤቴ ያወጣታል» አሉኝ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሱ። ታንቢን ያዳነው ይህን ዓረፍተ ነገር ከሴቶቹ አፍ ማውጣቱ ይመስለኛል። የእነሱ ጎረቤትም የማኅበሩ አባል ነው። እረፍቱ ሲታወጅ ለሁሉም ነው።

ስለ ጋምቢያ ሴቶች ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። «ስንት ወር ነው የሚያርፉት?» አሉ። የዓመቱን ትልቁን ክፍል አልኳቸው። «በዚያ ጊዜ ምን ይበላሉ?»

ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ማኅበሩ ለዚያ ጊዜ ቁጠባና ሌላ ሙያ ይዟል። እረፍት ብቻውን ቢታወጅ ኖሮ የትም አይደርስም ነበር።

ምሳ የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ በላን። ከሐይቁ ሁለተኛውን ሃይላንድ ሞላሁ።

ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ የዓመት ወቅት መቀያየር ነው። ደሴ ጃኬት ለብሰህ ትነሳለህ፤ 25 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ከ600 ሜትር በላይ ትወርድና ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ ትቀራለህ። ቦርከናም አብሮ ይወርዳል። በድንጋዩ ላይ እየተፈጠፈጠ አየር ስለሚቀላቀልበት ትንሽ ያገግማል። ከታች ደርሰን ድንጋይ ስገለብጥ ሁለት ሜይፍላይ አገኘሁ። ሁለት ብቻ ናቸው፤ ግን ደስ አለኝ። ወንዝ ፋታ ካገኘ ራሱን ያክማል።

ኮምቦልቻ ላይ ግን ፋታ የለም። ልዮሌና ወርቃ የሚባሉ ትንንሽ ወንዞች ከተማውን አቋርጠው ቦርከናን ይቀላቀላሉ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ ብረት፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ። ብዙ ተማሪዎቼ ሥራ ያገኙት እዚህ ነው። ተመራማሪዎች በእነዚህ ወንዞች ውስጥ ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች ለክተው ጽፈዋል። ክሮሚየም በዓለም ዙሪያ ቆዳ ለማልፋት የሚውል ነው። ጊዜው በጋ ስለሆነ ውሃው ትንሽ ነው። የሚለቀቀው ግን በበጋ አይቀንስም። ስለዚህ ውሃ ሲያንስ መርዙ ይወፍራል።

ወንዞቹ ከተገናኙበት ዝቅ ብሎ አንድ የአትክልት ማሳ አገኘን። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት። ባለቤቱ አርባዎቹ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው። ፓምፓቸው እየተንደቀደቀ ከወንዙ ይስባል። ከጎናቸው ልጃቸው ለነገ ገበያ ካሮት በወንዙ ውሃ ያጥባል።

«ውሃው እንዴት ነው?» ስላቸው ፓምፑን አጠፉት፤ ለመነጋገር እንዲመች።

«ቀኑ ነው የሚወስነው። አንዳንድ ቀን ደህና ነው። አንዳንድ ቀን ጠቆር ብሎ አረፋ ይዞ ይመጣል። አንዳንዴ ቀላ ይላል። ቀለሙ ሲቀየር ፓምፑን አጠፋለሁ። አንድ ሁለት ቀን እቆያለሁ።»

«ማን ነግሮዎት ነው?»

«ማን ይነግረኛል? አንድ ጊዜ ሰላጣው ጫፍ ጫፉ ተቃጠለብኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መጥቼ ሳላየው ፓምፕ አልነካም።»

ቆሜ ቀረሁ። ዝናብ ሲጥል የኦይስተሩን ቦታ ለጊዜው መዝጋት ብዬ ያነበብኩት ነገር፣ እዚህ አንድ ገበሬ ብቻቸውን፣ ያለ ላቦራቶሪ፣ ያለ ማንም ደወል ያደርጉታል። መመርመሪያቸው ዓይናቸው ነው። የሚከስሩትን የሁለት ቀን ውሃ ማንም አይክሳቸውም።

ችግሩ ክሮሚየም በጥቂቱ ሲሆን ቀለም የለውም። የሰገራ ባክቴሪያም ቀለም የለውም። ይህን ልንገራቸው አልንገራቸው እያልኩ አመነታሁ። ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ውሃውን ሲያዩ ቆዩ።

«ታዲያ ምን ላድርግ? መሬቴ እዚህ ነው።»

የምሰጣቸው መልስ የያዝኩት ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ካሮቱንና ሰላጣውን ቢያንስ ለገበያ ሲያወጡ በቧንቧ ውሃ እንዲያጥቡ። ጥሬ የሚበላውን ትተው በቆሎና የመሳሰለውን እንዲዘሩ። ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ለጀርም ያግዛል እንጂ ወደ ተክሉ ሥር ለገባ ብረት አያግዝም። እውነተኛው መልስ ያለው ወደ ላይ ነው። ማጣሪያ ያለው ፋብሪካ ማጣሪያውን ሌሊትም ማሠራቱ፣ ውሃው በየሳምንቱ ተለክቶ ውጤቱ ለእኚህ ሰው መድረሱ፣ ደሴ ሽንት ቤቷን በመኪና ማስመጠጧ። አንዲት አጭር የስልክ መልእክት፦ «ዛሬ ፓምፕ አታስነሱ»። ይህ ሕልም አይደለም፤ የባንክ መልእክት በየደቂቃው ይደርሰን የለ?

ማታ እዚያው ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት አደርን። ራት ላይ ሰላጣ ቀረበ። አክስቴ ከየት እንደገዛችው አልጠየቅኳትም። ለራሴ ግን ስጎርስ ልጁ ካሮት ሲያጥብ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

ሦስተኛው ሃይላንድ ጠዋት ሲታይ ታችኛው ጣት የሚያህል ክፍሉ ጥቁር ሆኗል።

እሑድ፣ ጨፋ

ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ፣ ሐርቡን አልፈን ወደ ከሚሴ። ቦርከና እዚህ ይደክመዋል። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ወንዙ ተንጣሎ ሣርና ደንገል ውስጥ ይገባል። ጨፋ ይህ ነው። በበጋ ከአፋር፣ ከኦሮሞና ከአርጎባ መንደሮች ከብት ይዘው የሚመጡ ሰዎች የሚገናኙበት ሜዳ ነው። ሌላው አገር ሲደርቅ ጨፋ ለምለም ነው።

ሥራውን ቁጭ ብዬ አየሁት። ውሃው ሣሩ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱን ያጣል። ፍጥነት ሲያጣ የተሸከመውን ጭቃ ይጥላል፤ ከጭቃው ጋር የተጣበቀውም ብረት አብሮ ይቀመጣል። ከሰው ቆሻሻ የመጣውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ተክሎቹ ይወስዳሉ። ኦይስተር የለንም፤ ጨፋ አለን። ግን እንደ ኦይስተሩ ሁሉ የያዘውን አይለቅም። ብረቱ አልጠፋም፤ ከብቱ የሚግጠው ሣር ሥር ተቀምጧል። ዳር ዳሩም ለእርሻ እየተቆረሰ ነው። ቦይ ቀደው ውሃውን ያፈስሱና ያርሱታል። ገበሬውን አልወቅስም፤ ማጣሪያችን ግን በየዓመቱ እያነሰ ነው።

አንድ ሽማግሌ ላሞቻቸውን ያጠጡ ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከየት እንደመጣን ጠየቁ።

«ከደሴ ነን አባባ።»

«ደሴ» አሉና በበትራቸው ውሃውን ነካ አደረጉት። «ይሄም ከናንተ ነው የሚመጣ።»

«አዎ። እሱን ተከትለን ነው የወረድን።»

«ታዲያ ደህና ነው ወይ? እናንተ ታውቁታላችሁ።»

ባለፈው ዓመት ሁለት ጥጃ በአንድ ሳምንት ሞተውባቸዋል። ምክንያቱ ውሃው ነው አላሉም። እኔም አላልኩም፤ በሽታ ብዙ ነው። ግን ጥያቄያቸውን «አላውቅም» ብዬ መመለስ አቃተኝ። ድንጋይ እንዳልገለብጥ ድንጋይ የለም፣ ሁሉ ጭቃ ነው። የማውቀውን፣ ከደሴ ጀምሮ ያየሁትን፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ቀዩን ትል ሳይቀር። እየነቀነቁ ሰሙኝ። ላሞቹ እስኪጠጡ አብረን ቆምን።

ከጨፋ በታች ውሃው ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያይም። አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። እኛ የጣልነውን የሚውጥልን ውቅያኖስ የለም።

አራተኛውን ሃይላንድ ሞልተን የከሚሴ–ደሴ ሚኒባስ ያዝን።

ሰኞ፣ ክፍል ውስጥ

አራቱን ሃይላንድ መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። ሌሊቱን ሳይነቃነቁ ስላደሩ ጭቃው ተዘቅጧል። የመጀመሪያው ታች ጥቂት አሸዋ ብቻ ነው። ሁለተኛው አረንጓዴ። የሦስተኛው ጥቁር ንጣፍ ላይ ደቃቅ አረፋ ወጥቷል። አራተኛው ከሦስተኛው ይልቅ ጠርቷል። በየትኛውም ላይ ከየት እንደመጣ አልጻፍኩም።

ተማሪዎቹ ተሰብስበው ገመቱ። ሦስተኛውን ሲያዩ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ኮምቦልቻ!» አሉ። ልክ ናቸው አልኳቸው።

ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ቤታቸው ቦርከና ዳር ነው።

«ቲቸር፣ የእኛ ሰፈርስ ውሃ የትኛው ውስጥ ነው ያለው?»

ሦስተኛውንና አራተኛውን አንስቼ ሰጠኋት።